ግሌኒስ ሃርክነስና ባሕር ከሌለው አገር የመጣችው እንግዳ

በእኛ መንደር ከአምሳ ዓመት በታች ያለ ሰው ሁሉ ትምህርት ቤት የደረሰው በግሌኒስ ሃርክነስ አውቶቡስ ነው። ረጅም ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ንግግሯ ቁጥብ። በአንድ ወገን ኮረብታውን፣ በሌላው ባሕሩን እየታከከ እስከ ታካካ ከተማ የሚጠማዘዘውን መንገድ ዓይኗን ጨፍና ትነዳዋለች ቢባል የሚከራከር አልነበረም። አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ሲሸፍነው ሕፃናቱን እንደያዘች ማዶ ቀረች። እንዳይፈሩባት ምሳዋን ቆራርሳ አበላቻቸው፤ የአውቶቡሱን ጥሩምባ በየተራ እንዲነፉ ፈቀደችላቸው። አባቶቻቸው በትራክተር ሲደርሱ ልጆቹ ተራችን ሳይደርስ አንወርድም ብለው አስቸገሩ።

እኔ ዴስ እባላለሁ፤ መንደሩ መግቢያ ላይ ያለው ጋራዥ የእኔ ነው። አውቶቡሷን ስጠግን ስለኖርኩ ብዙ ጊዜ አብረን አሳልፈናል፤ ስለ ራሷ የነገረችኝ ግን ቢሰበሰብ አንድ ሲኒ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። እናቷን እስከ መጨረሻው አስታመመች። ባል አላገባችም፤ ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው ዳግመኛ አልጠየቃትም። እናቷ ሲያርፉ አራት መኝታ ቤት ባለው የእንጨት ቤት ውስጥ ብቻዋን ቀረች።

ክለባችን ውስጥ የገባችው ያኔ ነው። ክለባችን እንዲያው ትልቅ ነገር አይደለም። ማክሰኞ ማክሰኞ አዳራሹ ውስጥ አብረን እራት የምንበላ፣ ቅዳሜ ቋሊማ ጠብሰን ሸጠን ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ፣ ለአምቡላንሱ፣ ለታመመ ጎረቤት የምናውል ገበሬዎችና ባለሱቆች ነን። ከሥራችን አንዱ ከሌላ አገር የሚመጡ ተማሪዎችን ቤታችን ተቀብሎ ማኖር ነው። ተማሪው ለአንድ ዓመት ይመጣል፤ በአንዱ አባል ቤት ጥቂት ወራት ይቀመጥና ወደ ሌላው ይዛወራል። ግሌኒስ ተነሥታ የሚቀጥለውን እኔ እወስዳለሁ አለች።

ሊቀ መንበራችን ሮስ ነበር፤ የወተት ላሞች ያሉት፣ ድምፁ ከላሞቹ የሚበልጥ፣ ልቡ ግን ደግ የሆነ ሰው።

«ግሌን፣ አትቀየሚኝ» አላት። «ቤትሽ ባል የለ፣ ልጅ የለ። ልጁ አገሩ ሲገባ ምን ዓይነት ቤተሰብ አየሁ ብሎ ያወራል?»

«ሮስ፣ አንተ ንፍጥህን በአውቶቡሴ ወንበር እየጠረግህ ስታድግ ባል አለሽ ወይ ብለህ አልጠየቅኸኝም» አለችው።

ሳቁ ሲበርድ ነገሩ ተወስኖ ነበር።

መጀመሪያ የመጣላት ከዴንማርክ የሆነ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ማቀዝቀዣዋን በየሁለት ቀኑ ባዶ የሚያስቀር ጎረምሳ ነው። ከእሱ በኋላ ከቱርክ፣ ከብራዚል፣ ከጃፓን፣ ከፊንላንድ መጡ። ሕጓ ለሁሉም አንድ ነበር። ጫማ ደጅ ይወልቃል። የበላ ያጥባል። የት እንደምትሄድ ትናገራለህ። ማልቀስ ካማረህ በጎቹ ጋ ሂድ፤ እነሱ ለማንም አያወሩም።

እኛ ቤት የገባ ተማሪ እንግዳ ሆኖ ይከርም ነበር። ምርጡን አልጋ እንሰጠዋለን፣ በየሳምንቱ መጨረሻ የሆነ ቦታ ወስደን እናሳየዋለን። እሷ ቤት የገባው ግን ሳምንት ሳይሞላው አጥር ሲያጠብቅ፣ ከበግ ጀርባ ሲሮጥ ይታያል። እሷም እየዞረች ስታቅፍ፣ ስትስም አይቻት አላውቅም። ምን እንደምታደርጋቸው እንጃ። አንድ የገና ዕለት የጠገንኩላትን የውኃ መሳቢያ ልመልስላት ቤቷ ስገባ ስልኳ አላርፍ ብሎ ነበር። ስታነሣው፣ ስትዘጋው፣ ደግሞ ሲጮህ፣ ከየአህጉሩ በየራሳቸው ቅላጼ «ግሌን!» ሲሏት ሰማሁ። አንዱ የሴት ልጁን ስም በስሟ እንዳወጣ ይነግራታል። እሷ ድንቹን እየላጠች «ልጅቷ ምን በደለችህ?» ትለዋለች። መፍቻዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ይህች ሴት ዝም ብላ ምን ያህል ዓለም ሰብስባለች ብዬ አሰብኩ።

የምነግራችሁ ታሪክ ግን የኔይዳ ነው።

ኔይዳ ቾኬ ከቦሊቪያ መጣች፤ ኦሩሮ ከምትባል፣ ከብርድና ከንፋስ በቀር ምንም የማይበቅልባት የደጋ ከተማ። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ አጭር፣ ፀጉሯን በሁለት የምትጎነጉን፣ ዓይኗ ሁሉን የሚያይ። መጀመሪያ የተቀበላት ሮስ ነው። የሮስ ቤት ጎረምሶቹ ብዙ፣ ጀልባው ትልቅ፣ የሳምንቱ መጨረሻ ሁሉ ባሕር ላይ ነው። ልጅቷ ግን ባሕሩን አልጠጋም አለች። ሲሄዱ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቃቸዋለች። የሮስ ልጆች ቀለዱባት፤ ክፋት አልነበረበትም፣ እርስ በርሳቸውም እንዲያ ናቸው። እሷ ግን ዝም አለች፤ ቀጥሎ መብላት ቀነሰች፤ በመጨረሻ አገሬ መልሱኝ አለች።

ሮስ ወደ ጋራዤ መጥቶ፣ ግሌኒስም እዚያ ነበረች፣ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ነገራት። በሕይወቱ እንዲህ ቀስ ብሎ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፣ እኛ ግን አልቻልንበትም አላት። ግሌኒስ መዛወሪያዋ እስኪደርስ አልጠበቀችም። በዚያው መኪናዋን አስነሥታ ሄዳ ሻንጣዋን ጭና አመጣቻት።

ለሁለት ሳምንት ያህል ስለ ባሕር ቃል አልተነፈሰችላትም። ከብት ሐኪም ጋ ስትሄድ ይዛት ትሄዳለች፤ እህል መጋዘን ስትሄድ ይዛት ትሄዳለች። ልጅቷ መጀመሪያ የሳቀችው ታካካ አትክልት ሱቅ ውስጥ ነው አሉ፤ ድንቹን አይታ «በቃ? ያላችሁ ድንች ይኼ ብቻ ነው?» ብላ። እነሱ ጋ ጥቁር አለ፣ ሐምራዊ አለ፣ እንደ ጣት የቀጠነ አለ። ግሌኒስ ወዲያው የድንቹን ዘር ዓይነት አንድ በአንድ አስቆጠረቻት፤ መንገዱን ሙሉ ድንች ሲያወሩ መጡ።

አንድ ቀን ከታካካ ሲመለሱ ኮረብታው ታጥፎ ባሕሩ በአንድ ጊዜ ከፊታቸው ሲገለጥ ልጅቷ ፊቷን ወደ ሌላው መስኮት አዞረች። ግሌኒስ ፍጥነቱን ቀነሰች። አባትሽ ሥራው ምንድን ነው ብላ ጠየቀቻት። አውቶቡስ ነጂ ነው አለች ኔይዳ፤ ከኦሩሮ እስከ ታላቁ የጨው ሜዳ ድረስ።

«ምን ዓይነት አውቶቡስ?» አለች ግሌኒስ።

ልጅቷ ከዚያ በኋላ መናገር አላቆመችም። የአባቷ አውቶቡስ በብርዱ ጠዋት ጠዋት እንደማይነሣ፣ አባቷ ሞተሩ ላይ ብርድ ልብስ ጥሎለት እንደሚያድር፣ ስሙ ኤውሴቢዮ እንደሆነ፣ ሲነዳ እንደሚዘፍን። በመጨረሻ ባሕሩን ለምን እንደማታይ ተናገረች። ይህንን ግሌኒስ ለእኔ የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ስትነግረኝም ዓይኗን ከመኪናው ሞተር አላነሣችም።

ቦሊቪያ በድሮ ጦርነት የባሕር በሯን ያጣች አገር ናት። ባሕሩን ያየው ጥቂት ነው፣ ግን ሁሉም ስሙን ይዞ ያድጋል። «አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ባሕሩን ሳላይ እንዳልሞት ይላል» አለቻት ኔይዳ። «እዚህ ስመጣ ከአውሮፕላኑ መስኮት አየሁት። ያለ እሱ አየሁት። አባቴን ትቼ ብቻዬን ተደብቄ የበላሁ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ሳየው ይጨንቀኛል።»

ግሌኒስ መኪናውን ዳር አቆመች። አይዞሽ አላለቻትም፤ ታገሺ፣ ትለምጂዋለሽም አላለቻትም። «እንግዲያው ገና አላየሽውም» አለቻትና መንገዷን ቀጠለች።

የካቲት ውስጥ ነው ነገሩ የሆነው። ገና ጎህ ሲቀድ ስልኬ ጮኸ፤ ዓሣ ነባሪዎች አሸዋ ላይ ወጥተዋል፣ በጣም ብዙ ናቸው ተባልኩ። የእኛ የባሕር ወሽመጥ እንዲህ ነው፤ ከጫፉ ረጅም የአሸዋ ምላስ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል፣ ውኃው ሲሸሽ እጅግ ርቆ ይሸሻል፣ የገባበትን መንጋ ደረቅ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ማን ለማን እንደሚደውል በክለባችን የታወቀ ስለሆነ ሁሉም አንሶላ፣ ባልዲ፣ አካፋ ይዞ ተነሣ። ሮስ ትራክተሩን አመጣ። ግሌኒስ ጋራዤ ደጅ ያለችውን አሮጌ አውቶቡስ ቁልፍ ጠየቀችኝና መኪና የሌለውን ሰው ሁሉ እየለቀመች ጫነች።

ግሌኒስ ኔይዳን ቤት ቆዪ ብላት ነበር። ልጅቷ ግን ሻይ ላድል ብላ መጣች፤ አሸዋው መጀመሪያ ላይ ከተተከለው ድንኳን አልፋ ላትሄድ።

ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ግን አይለመድም። ሜዳው ጥቁር ነበር። ከመቶ በላይ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ እያንዳንዱ ከመኪናዬ የሚረዝም ፍጡር በጎኑ፣ በሆዱ ተጋድሟል። ዝምታ የጠበቀ ሰው ይደነግጣል። ይተነፍሳሉ፤ የትልቅ ጎማ አየር በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ እንደሚሰማው ያለ ትንፋሽ፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ማዶ ድረስ። በመካከሉ ያፏጫሉ፤ ቀጭን፣ እንደ ወፍ ያለ ፉጨት፤ ከዚያ ሁሉ ግዙፍ አካል ይወጣል ብለህ የማታምነው። እርስ በርስ ይጠራራሉ። መንቀሳቀስ ያልቻለችው እናት ልጇን ትጠራለች፤ ልጇም ከአጠገቧ ይመልሳል። ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ይነጋገር ነበር፤ ሮስ እንኳ።

ሥራው ቀላል ነው፣ ማለቂያ ግን የለውም። አንሶላውን በባሕር ውኃ ነክረህ ታለብሳቸዋለህ፤ የራሳቸው አናት ላይ ያለችውን መተንፈሻ ቀዳዳ እንዳትሸፍን ትጠነቀቃለህ፤ በባልዲ ውኃ እያመላለስክ ታፈስባቸዋለህ። ከጭራቸው ትርቃለህ። ውኃው እስኪመለስ ድረስ፣ እስከ ከሰዓት በኋላ፣ በሕይወት ማቆየት ነው። ፀሐይዋ ደግሞ ጠንካራ ነበረች።

የዚህ አገር ጥንተ ነዋሪዎች የማኦሪዎች ሽማግሌ፣ ሆሃያ፣ እዚያ ነበሩ። እኛ ሁላችን ኮሮ እንላቸዋለን፤ አያታችን እንደማለት ነው። ምርኩዛቸውን ይዘው ከአንዱ ዓሣ ነባሪ ወደ ሌላው እየሄዱ እጃቸውን በጎኑ ላይ ያኖራሉ፣ የሆነ ነገር ይሉታል፣ ያልፋሉ። ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ ኔይዳ ሻይ ሰጠቻቸው። ሻዩን ተቀበሉና ወደ ሜዳው በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «ልጄ» አሏት፣ «እዚያ አንዲት ትንሽ አለች፣ እናቷ አጠገብ። ሰው አልደረሳትም።»

«እኔ ምንም አላውቅም» አለቻቸው።

«እሷም አታውቅም።»

ሻያቸውን ይዘው ሄዱ። ልጅቷ ወደ ግሌኒስ ዞራ አየች። ግሌኒስ ሁለት ባልዲ እየተሸከመች ከሩቅ ትመጣ ነበር፤ አንዱን ባልዲ አሸዋው ላይ አስቀምጣላት በሌላው ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ኔይዳ ጫማዋን አወለቀች።

እኔ ከእሷ ሁለት ሦስት ዓሣ ነባሪ ራቅ ብዬ ነበርኩና ሁሉን አይቻለሁ። መጀመሪያ ከሩቅ ውኃውን ወርወር አደረገች። ከዚያ ቀረብ አለች። ትንሽቱ የሰው ቁመት ተኩል ብትሆን ነው፤ ቆዳዋ ላይ ስትወለድ የነበራት ሽብሽብ ገና አልጠፋም። ኔይዳ አንሶላውን ስታስተካክልላት ትንሽቱ ዓይኗን ገለጠች። የእነዚህ ፍጥረቶች ዓይን እንደ ዓሣ አይደለም። ያይሃል። ልጅቷ ባልዲውን ይዛ ደርቃ ቀረች፤ ከዚያ ተንበርክካ በራሷ ቋንቋ ትናገራት ጀመር። ቀኑን ሙሉ አላቆመችም። ስታፈስላት ታወራታለች፣ ውኃ ልታመጣ ስትሄድ እየጮኸች መጣሁ ትላታለች፣ አንዳንዴም በቀጭኑ ትዘፍንላታለች። ውኃው ሸሽቶ ስለነበር ባልዲ ለመሙላት ርቃ፣ በየጊዜው ወደዚያው ወደምትሸሸው ባሕር ትሄዳለች። ባሕሩ ውስጥ እየገባች እንደምትቀዳ እንኳ ያስተዋለች አልመሰለኝም።

ከሰዓት በኋላ ውኃው ተመለሰ። መጀመሪያ እንደ መስታወት ስስ ሆኖ አሸዋው ላይ ተዘረጋ፤ ከዚያ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት። ሥራውን የሚመሩት የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኞች የቻለ ሁሉ ወፍራሙን የላስቲክ የዋና ልብስ ለብሶ እንዲገባ ነገሩን። ብዙ ሰዓት በጎናቸው ስለተጋደሙ ሚዛናቸውን ያጣሉ፤ ውኃው ሲያነሣቸው ሰው ቀና አድርጎ ካልያዛቸው ይሰምጣሉ። አንዱ ብቻውን እንዳይሄድ፤ አንድ ላይ ነው የሚለቀቁት፤ አለዚያ የቀሩትን ፍለጋ ይመለሳሉ አሉን።

ኔይዳ ዋና አትችልም። ከጥበቃ ሠራተኞቹ አንዷ ይህንን ስታውቅ ውጪ አለቻት። ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ግን የትንሽቱን ጎን አልለቀቀችም።

ያኔ ግሌኒስ መጣች። ዳሌዋ ከታመመ ዓመታት አልፎታል፤ ደረጃ እንኳ የምትወጣው ተደግፋ ነው። ያንን ጠባብ ልብስ ለመልበስ ሁለት ሰው ረድቷታል። ከልጅቷ ኋላ ቆመችና በሁለት እጇ ወገቧን ያዘቻት። «ይህችኛዋ ከእኔ ጋር ናት» አለች ለሠራተኛዋ። ሠራተኛዋ በልጅነቷ የግሌኒስ አውቶቡስ ተሳፋሪ ነበረችና አልተከራከረችም።

ውኃው ሆድ ደረሰ፤ ደረት ደረሰ። ማዕበል በመጣ ቁጥር ኔይዳ ከመሬት ትነሣለች፤ ግሌኒስ ትይዛታለች።

«ግሌን፣ እንዳትለቂኝ» አለቻት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሚስ ሃርክነስ ከማለት ወጥታ አታውቅም ነበር።

«ይዤሻለሁ። አንቺ እሷን ያዢ።»

ኮሮ ሆሃያ ልብሳቸውን እንደለበሱ እስከ ጉልበታቸው ገብተው በማኦሪኛ ጸለዩ። ድምፃቸው እርጅና የነካው ነው፤ በውኃው ላይ ግን ሄደ፣ ሁላችንም ጋ ደረሰ። ያ ሁሉ ሰው፣ ገበሬው፣ ቱሪስቱ፣ የታካካ አንጥረኛ፣ እጁን በጥቁር ጎን ላይ አድርጎ ራሱን ደፍቶ ቆመ። ጸሎቱ ሲያልቅ ምልክቱ ተሰጠ፤ ገፋን።

ያን ስሜት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። እጄ ሥር ያለው ተራራ እንደ ድንጋይ የከበደ ነበር፤ በአንድ ቅጽበት ሕይወት ሆነ። ጡንቻው ሲነቃ በመዳፌ ተሰማኝ። ጭራው አንዴ ወረደ፣ ሄደ። በስተግራዬ የኔይዳ ትንሽ ወደ እናቷ ጎን ተጠጋች፣ ሁለቱ ጀርባቸውን አንድ ላይ አውጥተው ተነፈሱ፣ ጠለቁ። ልጅቷ ባዶ እጇን ውኃው ላይ እንደዘረጋች ቀረች።

ግን አልሄዱም። ጥቂት ርቀው ይዞሩ ጀመር፤ አንዳንዶቹም ወደ አሸዋው ፊታቸውን መለሱ። ሠራተኞቹ እጅ ለእጅ ተያያዙ ብለው ጮሁ። ከባሕሩ ዳር እስከ ዳር የሰው አጥር ሠራን። ግራ እጄን ኔይዳ ያዘች፣ የእሷን ሌላ እጅ ግሌኒስ፣ ከግሌኒስ ቀጥሎ ሮስ። ውኃውን በእግራችን እየመታን፣ እየጮህን፣ አትመለሱ እያልናቸው ቆምን። ቅዝቃዜው አጥንት ገባ። ጥቁር ጀርባዎች ከፊታችን፣ በጣም ከቅርብ፣ ይወጣሉ ይጠልቃሉ። አንድ ትልቅ ወንድ ዓሣ ነባሪ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ መጣ፤ ደረታችን ጋ ሊደርስ ሲል ጎኑን ሰጥቶን ዞረ። ያን ጊዜ ግሌኒስን አየኋት። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፣ ነጭ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል፣ በታመመ ዳሌዋ እንደ ምሰሶ ቆማለች። እጇ የኔይዳን እጅ የያዘበት ጣት ነጭ ሆኖ ነበር። ዓይኗ ሩቅ ነው። ይህች ሴት እንደዚህ ባሕር ናት ብዬ አሰብኩ፤ ዕድሜዬን ሙሉ አጠገቧ ቆሜ ጥልቀቷን አላወቅሁም።

ትልቁ ወንድ ወደ ጥልቁ ዞረ። ሌሎቹ ተከተሉት። ጀንበሯ ዝቅ ስትል የሚታየን ርቆ የሚወጣ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ከዚያ እሱም ቀረ። ማንም አላጨበጨበም። እጅ ለእጅ እንደተያያዝን ቆምን፤ አንዳችን አንዳችንን መልቀቅ ያቃተን ይመስል።

በማግስቱ ጠዋት ስንመለስ ዐሥራ ምናምን የሚሆኑት አሸዋው ላይ ሞተው አገኘን። ኔይዳ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች የሁሉንም ጎን አየች። ትንሽቱ የለችም፤ እናቷም የለችም። ደስታ ነው ለማለት ከበደን፤ የሞቱት እዚያው ነበሩ። ኮሮ ሆሃያና ወገኖቻቸው እንደ ሰው አልቅሰውላቸው ከአሸዋው ኮረብታ በላይ ቀበሯቸው። እኛም አካፋ ያዝን።

ቀብሩ ሲያልቅ ግሌኒስ ስልኳን አውጥታ ለኔይዳ ሰጠቻት። ኔትወርክ የሚገኘው የአሸዋው ክምር አናት ላይ ስለሆነ ተያይዘው ወጡ፤ ዳሌዋን ፈርቼ እኔም ተከተልኩ። በሰዓት ልዩነቱ ቦሊቪያ ገና የትናንት ምሽት ነበር። ኤውሴቢዮ አውቶቡስ ተራ ላይ ቆሞ የቪዲዮ ጥሪውን አነሣው፤ ከጀርባው ሰው ዕቃ ይጭናል። ኔይዳ ብዙ አላወራችም። «አባዬ፣ አብረን እንየው» ብላው ስልኩን ወደ ባሕሩ አዞረችው።

የስፓኒሽ ቃል አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ቃልም አላስፈለገም። ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ። ከኋላው የነበሩ ተሳፋሪዎች አንድ በአንድ መጥተው በትከሻው ላይ አጮለቁ፤ አንዲት ባርኔጣ ያደረገች አሮጊት አፏን በሻርፗ ያዘች። ሁሉም ማዕበሉን ሰሙ። ልጅቷ ክንዷ እስኪዝል ይዛላቸው ቆመች። በኋላ ኤውሴቢዮ ዓይኑን ጠርጎ ግሌኒስን ላመስግናት፣ አቅርቢልኝ አለ። ልጅቷ ልትተረጉም ተዘጋጀች።

«ሞተሩ ላይ ብርድ ልብስ ሳይሆን የበግ ቆዳ ይጣልበት በይልኝ» አለች ግሌኒስ። «ሙቀት ይይዛል።»

ሰውዬው ይህ ሲተረጎምለት ሳቀ፤ ሁለቱ ስለ ሞተርና ስለ ዳገት ሲያወሩ የአውቶቡሱ መነሻ ሰዓት አለፈ።

መጋቢት ውስጥ ቦሊቪያውያን ያጡትን ባሕር የሚያስቡበት ቀን አለ፤ በየከተማው ሰልፍ ይወጣል። ኔይዳ ይህንን ማክሰኞ እራት ላይ ስታነሣ ሮስ ተነሥቶ እኛም እንሰለፋ አለ። ተሰለፍን። ውኃው ሸሽቶ በተወው እርጥብ አሸዋ ላይ፣ ሃያ የማንሞላ የላም ገበሬዎችና ባለሱቆች ከአንዲት ቦሊቪያዊት ኋላ። ሮስ ከአዳራሹ ጥሩምባ አምጥቶ እየነፋ የባሕር ወፎቹን ሁሉ አባረረ። ኮሮ ሆሃያ በትራክተሩ ተሳቢ ላይ ወንበር ተደርጎላቸው መጡ። ኔይዳ ከፊት በባዶ እግሯ ትሄዳለች፤ ውኃው እግሯ ላይ ሲመጣ አልሸሸችም።

በሐምሌ ሄደች። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሁላችንም አለቀስን፤ ግሌኒስ ስትደርሺ ደውይ ብቻ አለቻት። ኔይዳ ግን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አልላቀቅ አለች፤ ግሌኒስም ታቅፋት ቆየች፤ የመሳፈሪያው ጥሪ ካለቀ በኋላም።

ግሌኒስ አሁን ዳሌዋን አስቀይራ እንደ ድሮዋ ትራመዳለች። ኔይዳ ነርስነት ተምራ ኦሩሮ ትሠራለች፤ ኤውሴቢዮ ሞተሩን በበግ ቆዳ ይሸፍናል አሉ። ባለፈው ሳምንት ግሌኒስ ጎማ ልታስነፋ ስትመጣ አጠገቧ አዲስ ልጅ ተቀምጦ ነበር፤ ከታይላንድ፣ ንጹሕ ነጭ ጫማ ያደረገ።

«ይኼኛውስ እንዴት ነው?» አልኳት።

«በግ ይፈራል» አለችኝ። «ገና ብዙ ወር አለን።»